ባለህበት እርገጥ፦ በአራተኛ ፎቅ ላይ ስለሚሮጥ ማራቶን የቀረበ ጥናት

ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። ርቀቱ በ1908 የለንደን ኦሊምፒክ ተሮጠ፤ በ1921 መደበኛ ሆኖ ጸደቀ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የመሮጫ ማሽኑም የፈረንጅ ነው።) ርቀቱን የወሰኑት ሰዎች ሯጩ ከቦታው ይንቀሳቀሳል ብለው ገምተው ነበር። ይህ ጥናት ያንን ግምት ይመረምራል።

የጥናቱ መስክ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሕንፃ 4ኛ ፎቅ ላይ ያለ ጂም ነው። ለጥናቱ 5 ትሬድሚሎች (4ቱ የሚሠሩ)፣ አንድ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ አንድ ፎጣና አንድ ሃይላንድ ውሃ ጥቅም ላይ ውለዋል። ተጠኚዎቹ አራት ሲሆኑ ተጠኚ ሀ ራሱ አጥኚው ነው። ይህ በሳይንስ ዘንድ ነውር መሆኑን አጥኚው ያውቃል። ሌሎቹ ሦስቱ መጠናታቸውን አያውቁም።

በቅድሚያ ስያሜ። አማርኛ ለዚህ ከቦታ ሳይንቀሳቀሱ የመሮጥ ተግባር ማሽኑ አገር ከመግባቱ በፊት ስም አውጥቶለት ነበር፦ ባለህበት እርገጥ። ወታደር በሰልፍ ሜዳ ላይ ይታዘዘዋል፤ ሌላው ሰው ደግሞ ጉዳዩ አልገፋ ሲለው ይናገረዋል። «የቤቱ ነገር እንዴት ሆነ?» «ያው፣ ባለህበት እርገጥ ነው።» ለዚህ ሁኔታ ወርሃዊ ክፍያ ሲከፈል የእኛ ዘመን የመጀመሪያው ይመስላል።

ግሡም ያስቸግራል። በአማርኛ የሮጠ ሰው ወይ ወደ አንድ ነገር ሮጧል፣ ወይ ከአንድ ነገር ሸሽቷል። የአጥኚው እናት እሑድ እሑድ ይደውላሉ።

«ምነው ታለከልካለህ?»

«ሮጬ ነው እማዬ።»

«ከምን?»

«ለልምምድ ነው። 32 ኪሎ ሜትር።»

«ወዴት?»

«እዚሁ፣ ጂም ውስጥ።»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «እህል ቀምሰሃል?» አሉ። ይህ ቃለ መጠይቅ ለጥናቱ ከተሰበሰቡት መረጃዎች ሁሉ ጥልቁ ነው።

የማሽኑ የዘር ሐረግ ከወህኒ ቤት ይመዘዛል። ዊልያም ኪዩቢት የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ እስረኞች ሥራ ፈትተው መቀመጣቸው ከነከነውና በ1818 እስረኞች ጎን ለጎን ተደርድረው ደረጃውን እየረገጡ የሚያዞሩት ትልቅ መንኮራኩር ነደፈ። ለንደን ውስጥ በብሪክስተን ወህኒ ቤት የተተከለው እህል ይፈጭ ነበር። ትሬድሚል የሚለው ቃል ሲፈታ በእግር የሚረገጥ ወፍጮ ማለት ነው። ደራሲው ኦስካር ዋይልድ በ1895 ሁለት ዓመት ከባድ የጉልበት ሥራ ተፈርዶበት ይህንኑ ረግጧል። ቅጣቱ በ1898 የወህኒ ቤቶች ሕግ ከወጣ በኋላ ቀረ። ማሽኑ ግን ተፈትቶ አላረፈም፤ በ1963 ሮበርት ብሩስ የተባለ አሜሪካዊ የልብ ሐኪም ፍጥነትና ዳገቱን በየ3 ደቂቃው እየጨመረ ልብ የት ላይ እንደምትለግም የሚያይበትን ምርመራ አሳተመ። ከወንጀለኛ ወደ ሕመምተኛ፣ ከሕመምተኛ ወደ እኛ።

ከወፍጮ ጋር ያለው ዝምድናም አልተቋረጠም። የጂሙ 5ኛ ማሽን ሲበላሽ የተጠራው ባለሙያ በሠፈሩ ወፍጮ ቤቶችን የሚጠግን ሰው ነበር። ሽፋኑን ፈትቶ አየና «ቺንጋው ላልቷል» አለ። ከዚያ እጁን ከሥር ሰዶ ዳበሰ፤ ልማድ ሆኖበት ዱቄት የሚፈልግ ይመስላል። አላገኘም። አውድማ ላይ የሚያበራይ በሬም ቀኑን ሙሉ ሲዞር ውሎ የትም አይደርስም፤ ሲመሽ ግን ጤፍ አለ።

ወደ ልኬት እንለፍ። አጥኚው ማሽኑ በቆመበት ሰዓት ላስቲኩን በሜትሩ ለካው። ሙሉ ዙሪያው 3 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ 32 ኪሎ ሜትር መሮጥ ማለት እነዚያኑ 3 ሜትር ከ20 አሥር ሺህ ጊዜ መሮጥ ነው። ላስቲኩ ላይ አንድ ነጭ ነጥብ አለ፤ ማስቲካ ሳይሆን አይቀርም። ተጠኚ ሀ በአንድ እሑድ ጠዋት ከዚህ ማስቲካ ጋር አሥር ሺህ ጊዜ ይገናኛል። ከዘመዶቹ ጋር ይህን ያህል ተገናኝቶ አያውቅም።

በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ሲኬድ ልምምዱ 3 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ይፈጃል። ማሽኑ ግን 60 ደቂቃ ሲሞላ በራሱ ይቆማል፤ የሠራው ሰው ከዚያ በላይ የሚቆይ ሰው ይኖራል ብሎ አላሰበም። ስለዚህ ተጠኚው በአንድ ጠዋት ሦስት ጊዜ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ ድምሩን በቃሉ ይይዛል። ከ25ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ድምሩ ሁልጊዜ ለሯጩ ሲያደላ ታይቷል። ዳገቱም 1 በመቶ ላይ ይደረጋል። አንድሪው ጆንስና ጆናታን ዳውስት የተባሉ ተመራማሪዎች በ1996 እንዳሳዩት፣ ቤት ውስጥ የሚገፋ አየር ስለሌለ ይህች ትንሽ ዳገት የጎደለውን ድካም ታካክሳለች። ሁለቱ ሊቃውንት የተኩት ነፋሱን ብቻ ነው። የአሮጌ ሚኒባስ ጭስ በስንት በመቶ ዳገት እንደሚተካ ገና አልተጠናም።

የፍጥነት ነገር ደግሞ አሳሳቢ ነው። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲገባ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 18.7 ኪሎ ሜትር ነበር። ቀነኒሳ በቀለ በ2019 በርሊንን በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ሲጨርስ 20.8 ሆነ። የጂሙ ማሽን 18 ላይ ያበቃል። ሁለቱም እዚህ ለመመዝገብ አይበቁም። አበበን በተመለከተ ሌላም እንቅፋት አለ፤ በሩ ላይ በተለጠፈው ደንብ ተራ ቁጥር 4 መሠረት ያለ ጫማ ማሽን ላይ መውጣት ክልክል ነው።

አበበ ሮም ላይ ሞሮኳዊውን ራዲ ቤን አብደሰላምን ጥሎ የሄደው ያን ጊዜ እዚያ ቆሞ በነበረው በአክሱም ሐውልት አጠገብ ነው። ሯጭ ምልክት ያስፈልገዋል። ተጠኚ ሀ ምልክት ያደረገው የእሳት ማጥፊያውን ነው። 1ኛው ኪሎ ሜትር ላይ በስተቀኙ ነበር፤ 31ኛው ላይም በስተቀኙ ነው።

ጊዜን ለማሳለፍ የሚሠራበት ዘዴ ፎጣ ነው። ቁጥሩን የሚያይ ሰው ይሰቃያል፤ ስለዚህ ፎጣውን የማሽኑ የቁጥር መስኮት ላይ ይጥላል። ወጥ የጣደች ሴት የድስቱን ክዳን ሳትከፍት እንደማትቆይ ሁሉ፣ ሯጩም ብዙ ሳይቆይ የፎጣውን ጫፍ በሁለት ጣቱ ያነሳል። አጥኚው ሩብ ሰዓት አልፏል ብሎ ከፍቶ 40 ሰከንድ ያገኘበት ጊዜ አለ። ፊት ለፊት የተሰቀለው ቴሌቪዥን ያለ ድምፅ የቱርክ ድራማ ያሳያል። ተጠኚ ሀ በአራት ወር ልምምድ ውስጥ አንዲት ሴት ለምን እንደምታለቅስ አልተረዳም።

አሁን ዋናው ጥያቄ፦ ለምን? ለንጽጽር ያህል የአጥኚው የአክስት ልጅ ሚኒሶታ ነው፤ ክረምቱን ምድር ቤት ወርዶ ይሮጣል። ውጭው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ስለሆነ ማንም አይጠይቀውም። ኖርዌያዊቷ ኢንግሪድ ክርስቲያንሰንም በረዶውን ሸሽታ ማሽን ላይ እየሠራች በ1985 ለንደንን በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ6 ሰከንድ ሮጣለች። የአላስካዋ ሐኪም ክሪስቲን ክላርክ አብዛኛውን ልምምዷን ትሬድሚል ላይ ጨርሳ በ2000 የአሜሪካን የኦሊምፒክ ማጣሪያ ማራቶን አሸነፈች። የእነዚህ ምክንያት በቴርሞሜትር ይታያል።

አዲስ አበባ ግን ቴርሞሜትሩ ለማንም አይመሰክርም። ከተማው ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ነው። የውጭ ሯጮች ይህን አየር ፍለጋ ትኬት ቆርጠው ይመጣሉ፤ ያልቻሉት አልጋቸው ላይ ድንኳን ዘርግተው ኦክስጅኑን አሳንሰው ይተኛሉ። ይህ ሁሉ ከመስኮቱ ውጭ በነፃ አለ። ተጠኚዎቹ ሲጠየቁ ውሻ፣ ጭስ፣ የተቆፈረ መንገድና ጭቃ የሚሉ መልሶች ሰጥተዋል። ጭቃ ያለው ተጠኚ የተጠየቀው በጥር ነው።

ስለዚህ አጥኚው አንድ እሑድ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ እንጦጦ ወጣ። 2ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ከኋላው ኮቴ ሰማ፤ ቀለል ያለ፣ ጨዋታ የተቀላቀለበት ኮቴ ነበር። ስድስት ልጃገረዶች ስለ ሰው ሠርግ እያወሩ በግራና በቀኝ አለፉት። አንዳቸውም ሲተነፍሱ አልተሰማም። የመጨረሻዋ ግን ዞር አለችና «አይዞዎት አባባ፣ ትንሽ ነው የቀረዎት» አለችው። የት እንደሚሄድ አልነገራትም። አጥኚው የ41 ዓመት ሰው ነው፤ ከአባባው ይልቅ አንቱታው ጎዳው። ትንሽ ከፍ ብሎ የባሕር ዛፍ ቅጠል ያዘሉ እናት ቁልቁል ሲመጡ አዩትና ሸክማቸውን እንዳዘሉ ዳር ይዘው ቆሙ፤ መንገድ ለቀቁለት።

ግኝቱ ይህ ነው። በሌላ አገር መናኛ ሯጭ መናኛ ሯጭ ሆኖ በሰላም ይኖራል። እዚህ ግን ጠዋት መንገድ ላይ አብራህ የምትሮጠው ልጅ በመስከረም በርሊን ላይ ልትታይ ትችላለች። ትሬድሚል በዚህ ከተማ ማንም ቀድሞህ የማይሄድበት ብቸኛ ጎዳና ነው። ጎረቤትህ በሰዓት 14 ቢሮጥም ከጎንህ አይርቅም። ተጠኚ ለ የተጠኚ ሐን ቁጥር በጎን ዓይኑ አይቶ የራሱን በ0.2 ሲጨምር ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል፤ እሱም ቢሆን አልቀደመውም።

ጥናቱ የተጠናቀቀው በሰኔ አንድ እሑድ ነው። አራቱም ተጠኚዎች ማሽን ላይ ነበሩ፤ ተጠኚ ሀ በቃሉ ድምር 27.4 ኪሎ ሜትር ደርሷል። መብራት ሄደ። ላስቲኩ ቀጥ ሲል አራታችንም (አጥኚው እዚህ ላይ ሦስተኛ መደብን መጠበቅ አልቻለም) በደረታችን ወደ ፊት ተደፋን፤ ብረቱን ይዘን ተረፍን። የሕንፃው ጄኔሬተር ከታች ጮኸ፤ ጉልበቱ ግን የምድር ቤቱን የዳቦ መጋገሪያ እንጂ ማሽን አይችልም። የዳቦው ሽታ ብቻ ወደ ላይ መጣ።

ዘበኛው በር ላይ ብቅ ብለው «የቀረውን ውጭ ለምን አትጨርሱትም? ፀሐይ ወጥቷል» አሉ። ማንም አልመለሰላቸውም። ማንም ከማሽኑ አልወረደም። ተጠኚ መ ውሃ ጠጣ።

በመስታወቱ ውስጥ ወደ ታች ሲታይ መንገዱ ባዶ ነበር። ከዚያ ከማዞሪያው በኩል ቱታ የለበሱ አሥራ አምስት ያህል ወጣቶች በሁለት ረድፍ እየሮጡ መጡ፤ የጫማቸው ድምፅ 4ኛ ፎቅ ድረስ ይሰማል። አራታችንም ፊታችንን ወደ ቴሌቪዥኑ አዞርን። እሱም ጠፍቷል።