ሞተር እንዳይነሳ የማስነሳት ጥበብ

አማርኛችን ሁለቱን አይለይም። ሞተር ሲሠራ “ተነሳ” እንላለን፤ አውሮፕላን መሬት ሲለቅም “ተነሳ” ነው። ይህ ምክር የመጀመሪያው መነሳት ላስቸገራቸውና ሁለተኛውን ዛሬውኑ ለሚመኙ የአዲስ አበባ አስኮ ሰዎች ይሁን።

እንበልና ከሳንሱሲ ወዲህ ሰፋ ያለ ግቢ አለዎት። በቆርቆሮ ጥላ ሥር አንድ የአሮጌ ቮልስ ሞተር እርስዎ ከሠሩት አውሮፕላን አፍንጫ ላይ ታስሯል፤ ፊቱ ላይ አናጢ የጠረበው ፕሮፔለር ተገጥሞለታል። አይፈሩ፣ አላበዱም። የቮልስ ሞተር በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ራዲያተር የማያውቅ፣ በየጋራዡ የሚገኝ ነው፤ ከአውሮፓ ጀምሮ በየጓሮው አውሮፕላን የሚሠራ ሰው ሁሉ ሲጭነው ኖሯል። እኛም ዘንድ የጫነው አለ፤ በኋላ እንመጣበታለን።

ሥራውን ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ይጀምሩ። የአስኮ ብርድ ዘይቱን እንደ ማር አወፍሮ፣ ባትሪውን አድክሞ ይጠብቅዎታል። ደግሞም ጎረቤት ከእንቅልፉ ነቅቶ በመስኮት ካልተሳደበ ሙከራው ሙከራ አይባልም።

ሞተር ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ነዳጅ፣ አየር፣ እሳት። አሰልቺ መካኒክ አንዱን ፈትሾ ወደ ሌላው ይሄዳል። እርስዎ ሁሉንም ባንዴ ይነካኩ። ካንዴላ ይቀይሩ፣ ካርቡሬተሩን ይፍቱ፣ ዲስትሪቢዩተሩንም ትንሽ ወደ ግራ ያዙሩት። ከዚያ በኋላ ቢነሳ በምን እንደተነሳ፣ ቢቀርም በምን እንደቀረ አንድዬ ብቻ ያውቃል። የካንዴላውን ገመዶች ሲመልሱ የቮልስ ተራ 1-4-3-2 ነው የሚል ሰው አይጠፋም፤ አይስሙት። ሕፃናት እንኳ ሲቆጥሩ 1-2-3-4 ነው የሚሉት። ሞተሩ በካርቡሬተሩ በኩል ሲያስነጥስ “ይኸው ሊነሳ ነው!” ብለው ይጩኹ። የቫልቭ ክፍተቱ 0.15 ሚሊሜትር ይሁን፣ የሚለካውም ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ነው የሚባለውን ይተዉት፤ ሞተሩ እንደጋለ በዓይን ይገምቱ። ሦስተኛው ሲሊንደር ከዘይት ማቀዝቀዣው ጀርባ ተደብቆ ንፋስ የሚያንሰው ምስኪን ነው፤ የጭስ ቫልቩ ቀድሞ ሲቃጠል የእርስዎ ጥፋት መሆኑን ማንም አያውቅም።

አሁን ወደ አየሩ። አስኮ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩም በባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። እዚያ 40 ፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር እዚህ 30 ገደማ ይሆናል። ለባሕር ዳርቻ የተበጀ ካርቡሬተር ደግሞ እዚህ አየር ሲያንሰው ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ጭሱ ይጠቁራል። መድኃኒቱ ነዳጅ መቀነስ ነው። ስለዚህ እርስዎ ይጨምሩ። ቾኩን እስከ መጨረሻ ይሳቡ፣ ነዳጅ መስጫውን ደጋግመው ይምቱ፤ ሞተሩ ቤንዚን ጠጥቶ እስኪሰክር ድረስ። ካርቡሬተሩ እሳት ከያዘ ሞተሪኖውን ወዲያው ያቁሙና ውኃ ፍለጋ ይሩጡ። ነዳጁን ዘግተው ሞተሩን ማዞር ቢቀጥሉ ነበልባሉን ወደ ውስጥ ስቦ ሊያጠፋው ይችላል፤ ታዲያ ሰፈሩ ምን ይመልከት?

ነዳጁ የትናንት ይሁን፤ የዛሬ ዓመት ከሆነ ደግሞ እሰየው። ጀሪካኑ ቀድሞ ውኃ የተቀዳበት ቢሆን ይመረጣል። በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ቤንዚን ላይ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የመጣ ኢታኖል 5 በመቶ ይጨመርበት ጀመር። መኪና ታገሠው። ኢታኖል ግን እርጥበት ይስባል፣ ያረጀ ጎማና ማጣበቂያም ያላላል፤ የድሮ አውሮፕላን ታንክና ቱቦ ደግሞ ያረጀ ጎማና ማጣበቂያ ይበዛበታል። ከታንኩ ሥር ጥቂት ቀድቶ በብርጭቆ ማየት የፈሪ ሥራ ነው። “የአውሮፕላን ነዳጅ አገኝልሃለሁ” የሚል ዘመድ ከመጣ ግን ይሳሙት። የሚያመጣልዎ የጄት ነዳጅ ነው፤ የነጭ ጋዝ የሥጋ ዘመድ። የፒስተን አውሮፕላን ቤንዚን ሰማያዊ ቀለም እንዳለው ለማንም አይንገሩ።

ባትሪው ሲሞት ያው የለመድነው አለ፤ ከዳገት ላይ ገፍቶ ሁለተኛ ማርሽ ማስገባት። የሰፈር ልጆች ይሰበሰባሉ፣ አንዱ “ካንዴላው ነው” ይላል፣ ሌላው “ቤንዚን አልወጣለትም”፣ ሦስተኛው ምንም ሳይል ቁልፍ ይዞ ይፈታል። አውሮፕላን ማርሽ እንደሌለው የሚያስታውስ እስኪገኝ ሳንሱሲ ትደርሳላችሁ።

ስለዚህ በእጅ ማዞር ግድ ይሆናል፤ ምክሬም እዚህ ላይ ይረዝማል። ሞተርዎ ማግኔቶ ከተገጠመለት፣ ይህ ዕቃ ባትሪ አይለምንም፤ ሲዞር የራሱን እሳት ይወልዳል። የሚጠፋው ወደ ማሳ በሚሄድ አንድ ቀጭን ገመድ ነው። ገመዱ ከተበጠሰ ቁልፉ “ዝግ” እያለ ሞተሩ ክፍት ነው። እርስዎ ቁልፉን ይመኑ፤ ለገመድ ማን ጊዜ አለው? ነዳጅ መስጫውን እስከ ጫፍ ይክፈቱ፣ ጎማው ሥር ታኮ አያድርጉ፣ ጅራቱን ከባሕር ዛፉ ጋር አይሰሩ፣ መቀመጫው ላይም ማንም አይኑር። ነጠላዎን ላላ አድርገው ይልበሱ፣ ጫፉም ይንጠልጠል። ጣትዎን በፕሮፔለሩ ላይ አጥብቀው ይጠምጥሙ፣ ደረትዎንም ወደ ፊት ያስጠጉ። ያን ጊዜ ሞተሩ ድንገት ከተነሳ፣ አውሮፕላኑ ያለ እርስዎ ይሄዳል፤ አጥሩም ቆርቆሮ ነው።

ሲሊንደሮቹ ዙሪያውን የተደረደሩበት ኮከብ ሞተር ላላቸው የተለየ ምክር አለኝ። በ1928 ዓ.ም. ታኅሣሥ አዲስ አበባ ላይ ጀርመናዊው ሉድቪክ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር የሠራት “ፀሐይ” የተባለች አውሮፕላን 115 ፈረስ ጉልበት ያለው ባለ ሰባት ሲሊንደር ቫልተር ቬኑስ ነበራት። ጣልያን ወስዶ ከ80 ዓመት በላይ አቆይቷት በጥር 2016 ተመለሰች። በእንዲህ ያለ ሞተር የታችኞቹ ሲሊንደሮች ቁልቁል ስለሚያዩ፣ ቆሞ ሲያድር ዘይት ይወርድባቸዋል። አዋቂ ከማስነሳቱ በፊት ፕሮፔለሩን በእጁ ቀስ አድርጎ ያዞራል፤ ከከበደው ካንዴላ ፈትቶ ዘይቱን ያፈሳል። እርስዎ በቀጥታ ቁልፉን ይጫኑ። ዘይት አይታመቅም፤ የሚታጠፈው የፒስተኑ ዘንግ ነው።

እኛም ዘንድ የቮልስ ሞተር የጫነ አለ ያልኩዎት ሰው አስመላሽ ዘፈሩ ነው። 40 ፈረስ ጉልበት ያለው አሮጌ የቮልስ ሞተር፣ የእናቱን ስም መነሻ ፊደልና 570 የሥራ ቀናት አንድ ላይ አድርጎ “ኬ-570ኤ” የሚባል አውሮፕላን ሠራ። ከላይ ካስቀመጥኩት ምክር አንዱንም አልተከተለም፤ ያነበበ፣ የለካ፣ ደጋግሞ የሞከረ ሰው ነው። በሰኔ 2007 ዓ.ም. ከእንጦጦ ጀርባ ሱሉልታ ሜዳ ላይ፣ ሰው ተሰብስቦ እያየ ሞከረው። የጭስ ማውጫው ተሰብሮ ፕሮፔለሩን መታ።

ያን ቀን ሞተሩ ተነስቷል። አውሮፕላኑ አልተነሳም።