ክርና ድንጋይ

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፊዚክስ ከተማሪው የሚጠብቀው ብዙ ነው፤ ቬክተር ይደምር፣ ቀመር ይሸምድድ፣ አሃድ አይሳት። ሙከራም ይሥራ ይላል፤ እሱ ግን በብዙ ትምህርት ቤት በጠመኔ ይከናወናል። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆኑ (የሁሉም ትምህርት ድምር ነው፤ ፊዚክስን ብቻ አንማው) ጣት የተቀሰረው ወደ ልጆቹ ስንፍና ነበር።

«ቤተ ሙከራ ገንዘብ ይፈልጋል» ይባላል። እውነት ነው፤ ክርና ድንጋይ ግን ያን ያህል አይፈልጉም። በአንድ ሜትር ክር የተንጠለጠለ ድንጋይ ሄዶ ለመመለስ 2 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ከዚያ የመሬትን ስበት ማስላት ይቻላል። «ፈተናው ምርጫ ነው፤ ይህን ማን ይጠይቃል?» ለሚሉም፣ ድንጋዩን ያወዛወዘ ልጅ ሐሰተኛውን ምርጫ ገና ሲያየው ይስቅበታል። ለነገሩ የክሩ ግዢ ጨረታ እስኪከፈት ልጁ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፤ ካለፈ።