የጨጓራ ሕመምተኛው

ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ወዳጄ ጭንቀቱን ሊታከም አዲስ አበባ ገባ። አሜሪካን የሚያህል አገር ሐኪም ጠፍቶ አይደለም። ኢንሹራንስ የአእምሮ ሕመምን ከሌላው አሳንሶ እንዳያይ የሚያዝ ሕግ እንኳ ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለ፤ ብዙ ቴራፒስቶች ግን «ኢንሹራንስ አንቀበልም» ይላሉ። ከኪስ ሲከፈል ደግሞ «አንድ ሰዓት» የሚባለው 50 ደቂቃ ነው። የቀረችው 10 ደቂቃ የማን እንደሆነች ማሰላሰሉ ራሱን የቻለ ሕመም ነው።

በስንት መከራ ኢንሹራንሱን የምትቀበል አንዲት ቴራፒስት አገኘ። «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» አላት። አስተርጓሚው «ሆድ» ሲል ወደ ጨጓራ ስፔሻሊስት ላከችው። (የአበሻ ነፍስ ሆዱ ውስጥ መሆኗን የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ የት አለ?)

እዚህ አዲስ አበባ ግን በአማርኛ አልቅሶ በብር ከፍሎ ይወጣል። ችግሩ ሌላ ነው፤ አማኑኤል ለብዙ ዘመን ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ስለነበር ስሙ ስድብ ሆኖ ቀርቷል። አሜሪካ «ቴራፒ አለኝ» እያለ የሚኮራው ሰውዬ እዚህ ክሊኒክ የሚገባው ኮፍያና ጥቁር መነጽር አድርጎ ነው። ድንገት ካያችሁት ለእናቱ እንዳትነግሩ፤ «ለጨጓራዬ ነው የመጣሁት» ብሏቸዋል።