የሚጣለው ለምን መሐል ይቀመጣል?

እንግሊዝኛ ዕቃ የሚያስወግደው በሁለት ቃል ነው። ማውለቅ «ቴክ ኦፍ»፣ አውጥቶ መጣል «ትሮው አውት»፣ መሰረዝ «ክሮስ አውት» ይባላል። ሥራውን ግሡ ይጀምረዋል፤ ከበር የሚያስወጣው ግን ከኋላ የተለጠፈው ቁራጭ ቃል ነው። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት መቅድም ላይ ይህ ጥምረት የውጭ ሰዎችን እንደሚያስቸግር አስታውቋል። ያስታወቀው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ባለጉዳዮቹ ዘንድ መድረሱ ያጠራጥራል።

ለጥናታችን ዋናው ጉዳይ የተጣዩ መቀመጫ ነው። ቆሻሻ በሙሉ ስሙ ሲጠራ መብቱ የተጠበቀ ነው፤ «ትሮው አውት ዘ ትራሽ» ቢሉም፣ «ትሮው ዘ ትራሽ አውት» ቢሉም ከሳሽ የለም። «አባቴ አልጋ ሥር ያከማቸው የድሮ ጋዜጣ ሁሉ» ተብሎ ከረዘመ ግን መጨረሻ ላይ ቢሰለፍ ይሻላል፤ መሐል ከገባ «አውት» እስኪመጣ አድማጩ ይሰለቻል። ቆሻሻው «ኢት» ተብሎ በተውላጠ ስም ሲጠራ ደግሞ ምርጫ የሚባል ነገር የለም፦ «ትሮው ኢት አውት»። «ትሮው አውት ኢት» ያለ ተማሪ ይታረማል። ስሙን የተነጠቀው ተጣይ፣ ሊጣል አንድ ቃል ሲቀረው፣ ግራና ቀኝ ታጅቦ መሐል ይቀመጣል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ክብር ለተሿሚም አይደረግም።

ሊቃውንቱ ምክንያት አላቸው። እንግሊዝኛ የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ ለአዲስና ለከባድ ነገር ያቆያል፤ «ኢት» ደግሞ ቀድሞ የታወቀ፣ ድምፁም የላላ ነው። ማብራሪያው ትክክል ነው፤ ፈተና ላይ ግን ማንም አያስታውሰውም።

ሥርዓቱን ተማርኩ ሲሉ «ጌት ሪድ ኦቭ ኢት» ይመጣል። እዚህ «ኢት» መጨረሻ ላይ ነው፤ «ኦቭ» እውነተኛ መስተዋድድ ስለሆነ የሚመራው ነገር ከኋላው ካልመጣ አይሆንለትም። «ዱ አዌይ ዊዝ ኢት»ም እንዲሁ። ክዳን ከድስት ላይ ሲነሳ ደግሞ ሁለቱም ሕግ ባንድ ጊዜ ይሠራል፦ «ቴክ ኢት ኦፍ ኢት»። የመጀመሪያው «ኢት» ክዳኑ፣ ሁለተኛው ድስቱ ነው። ወጡ ግን በዚህ መሐል ሳያር አይቀርም።

አማርኛ «ጣለው» ብሎ ተጣዩን ከግሡ ጭራ ላይ ለጥፎ ይገላገላል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱንም ባዮሎጂውንም በእንግሊዝኛ የሚማር ልጅ፣ በአገሩ ልማድ «ኢት»ን ጭራ ላይ ቢያስቀምጥ ሊፈረድበት አይገባም። ይፈረድበታል እንጂ።

ስለዚህ ተፈታኞች ሆይ፣ «ኢት» መሐል የገባበትን ምርጫ አክብቡ፤ «ኦቭ» ወይም «ዊዝ» ካያችሁ መጨረሻ ላይ ያለበትን። ፈተና አውጪዎች «ቴክ ኢት ኦፍ ኢት»ን ከመጠየቅ እንዲቆጠቡ በትሕትና እናሳስባለን።