የ9.81 ተአምር

ፊዚክስ የደረሰው ተማሪ ያለቅሳል ይባላል። እኛም አልቅሰናል፣ ግን ለአንድ ማታ ብቻ። በማግስቱ ሲኒየሮቻችን ከአልጋ ሥር ካርቶን ጎትተው ያለፉትን ዓመታት የላብ ሪፖርት አወረሱን፤ እንባችንም ደረቀ።

የመጀመሪያው ላብ ፔንዱለም ነበር። ዘጠኝ ሆነን አንዱን ጠረጴዛ ከበብን። አንዱ ኳሷን ይለቃል፣ አንዱ ይቆጥራል፣ አንዱ በስልኩ ሰዓት ይይዛል፣ ስድስታችን ስለ ምሳ እንመካከራለን። 1 ሜትር ክር 20 ጊዜ ሲወዛወዝ ስንት ሰከንድ ፈጀ? ቆጣሪያችን አሥራ አራት ላይ ጠፋበት። ይጥፋበታ! ለክቶ የመሬትን ስበት የሚያሰላ ሥራ ፈት ነው። ጎበዝ ከመልሱ ይነሳል፤ 9.81 ብሎ ይጽፍና ወደ ኋላ ሲያሰላ 40.12 ሰከንድ ላይ ይደርሳል። እንዳይነቃበት አንዱን ረድፍ 40.09፣ ሌላውን 40.15 ያደርገዋል። «የስህተት ምንጭ» ከሚለው ሥር ደግሞ «የአየር ተቃውሞና ሂዩማን ኤረር» ብሎ ይዘጋል። ሳይለኩ ለልኬት ስህተት ይቅርታ መጠየቅ፣ ትሕትና ማለት ይኸው ነው።

ችግሩ መሬት አመለኛ ናት። ወደ ምድር ወገብ በቀረቡ፣ ከፍታም በወጡ ቁጥር ስበቷ ይቀንሳል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ርቃ፣ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ተሰቅላ ያላት 9.77 አካባቢ ነው። 9.81 የለንደንና የፓሪስ ነው። እኛ በአንድ ሜትር ክር ያለ ቪዛ ለንደን ደርሰን ተመለስን፤ ያውም ለምሳ ደርሰን።

የሁለቱ ቁጥሮች ልዩነት በ20 ውዝዋዜ 0.08 ሰከንድ ናት። አውራ ጣት ስልክ እስኪነካ እንኳ ከዚያ በላይ ይዘገያል። ከምር ብንለካ ኖሮ የየቡድኑ ቁጥር አንዱ ወዲያ አንዱ ወዲህ በሆነ ነበር። ሁሉም ቡድን ግን እንደ ዘማሪ በአንድ ድምፅ 9.81 አለ፤ መምህራችንም ደስ ብሏቸው ከአሥር አሥር ሰጡን።

አንዲት ልጅ ብቻ ምሳዋን ትታ ክሩን ደጋግማ ለካች፤ 9.76 አገኘች። ወረቀቷ በቀይ እስክሪብቶ ተከቦ ተመለሰ፦ ከአሥር ስድስት፣ «ድገሚ»።

በዓመቱ ካርቶኑን ለአዲሶቹ ተማሪዎች ስናወርስ የእሷን ሪፖርት አውጥተን ነው።