የጭራቅ ዘር ቆጠራ

የጭራቅ ዘር ቆጠራ ገና ባልተቀረጸ ፊልም ውስጥ የሚገባ አውሬ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደወለደውና ለምን እንደተቆጣ የሚመረምር የእውቀት ዘርፍ ነው። ሌሎች የእውቀት ዘርፎች የሚያጠኑት ነገር መኖሩን ማረጋገጥ ግድ ስለሚሆንባቸው በየደረጃው ይደናቀፋሉ፤ የእንስሳት ተመራማሪ አጥንት ይፈልጋል፣ የታሪክ ጸሐፊ ሰነድ ያገላብጣል፣ ዳኛ ምስክር ይሰማል። ዘር ቆጣሪው ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነጻ ነው። የሚያጠናው ፍጡር የለም፤ ፍጡሩ የሚታይበት ክፍል ሁለት አልተሠራም፤ ድርሰቱም ብዙ ጊዜ አልተጻፈም። በዚህ የተነሣ እስከ ዛሬ በዘርፉ ውስጥ ተሳስቶ የተገኘ ሊቅ የለም።

ዘርፉ በየፊልሙ ደቀ መዛሙርት ቢኖሩትም ጫፍ የደረሰው በ«ክሎቨርፊልድ» ነው። ማት ሪቭስ ዳይሬክት ያደረገውና ጄ. ጄ. ኤብራምስ ፕሮዲውስ ያደረገው ይህ የአሜሪካ ፊልም ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 18 ቀን 2008 ነው። ታሪኩ አጭር ነው። የኒውዮርክ ወጣቶች ለሥራ ወደ ጃፓን የሚሄድ ጓደኛቸውን ለመሸኘት ደግሰዋል፤ በመሐል ሕንጻው ይናወጣል፣ መብራት ይጠፋል፣ የነጻነት ሐውልት ራስ ተቆርጦ ከመንገድ ላይ ይወድቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ አንድ ተራ ካሜራ በእጁ የያዘ ሰው እየሮጠ የቀረጸው ነው። ጭራቁ ከየት እንደመጣ ሯጮቹ አያውቁም፣ ወታደሮቹም አያውቁም። የፊልሙ ድንጋጤ ያለው እዚሁ ላይ ነው፤ ቤቱ በላዩ ላይ የሚፈርስበት ሰው የአፍራሹን አያት ስም አይጠይቅም። ይህ የማይጠየቅ ጥያቄ ነው እንግዲህ የሊቃውንቱ የዕለት እንጀራ የሆነው።

ምርምሩ ለመጀመር ጭራቁን ማየት እንኳ አላስፈለገውም። በጁላይ 2007 «ትራንስፎርመርስ» ከመጀመሩ በፊት ሲኒማ ቤቶች አንድ ርዕስ አልባ ማስታወቂያ አሳዩ፤ የኤብራምስን ስምና የሚወጣበትን ቀን ብቻ የያዘ ነበር። ያ በቂ ሆነ። በጩኸት መካከል አንድ ድምፅ በእንግሊዝኛ «ሕያው ነው» ሲል «አንበሳ ነው» ያለ የመሰላቸው ጆሮዎች ተገኙ፤ ከዚህም ተነሥቶ ፊልሙ አምስት የአንበሳ ሮቦቶች ተገጣጥመው አንድ ግዙፍ ተዋጊ የሚሆኑበት የ«ቮልትሮን» ካርቱን ነው የሚል ትምህርት ተስፋፋ። ጎድዚላ ነው ያሉም ነበሩ። ከኤች. ፒ. ላቭክራፍት ልቦለዶች የወጣው ክቱሉ ነው ያሉም ነበሩ። ፊልሙ ወጥቶ አንበሳም፣ ጎድዚላም፣ ክቱሉም ሲታጡ ጉባኤው አልተበተነም፤ አጀንዳው ወደ ክፍል ሁለት ተዛወረ እንጂ።

ከዚያ ወዲህ ሊቃውንቱ በሁለት ወገን ተከፈሉ። የባሕር ወገን መሠረቱን የጣለው ፊልሙን ለማስተዋወቅ በተፈለሰፉ የሐሰት ኩባንያዎች ላይ ነው። ታግሩአቶ የሚባል የጃፓን ድርጅት ከባሕር ወለል ይቆፍራል፤ ስላሾ የሚባል መጠጡ ደግሞ ከባሕር ወለል በሚወጣ ምስጢራዊ ጣፋጭ ይቀመማል። ስለዚህ ጭራቁን ቁፋሮው ቀስቅሶታል፣ ወይም መጠጡ አፋፍቶታል። ስላሾን ማንም ሰው በባሕር ዳር ሱቅ ገዝቶ አልጠጣም፤ ንጥረ ነገሩ ግን ከብዙ እውነተኛ መድኃኒቶች በበለጠ ጥንቃቄ ተመርምሯል።

የሰማይ ወገን መነሻው የፊልሙ የመጨረሻ ትዕይንት ነው። ከጥፋቱ ጥቂት ሳምንታት በፊት የተቀረጸ የፍቅረኞች ሽርሽር ነው፤ ኮኒ አይላንድ፣ ትልቁ መሽከርከሪያ ላይ። ከምስሉ በስተቀኝ፣ በሩቅ፣ አንድ ነገር ከሰማይ ወርዶ ባሕር ውስጥ ይገባል። ለዐይን ጥቅሻ ያህል ነው። ይህችን ቅጽበት የሊቃውንቱ ዐይን ያልደከመባት ጊዜ የለም፤ ትርጓሜዋም እንዲህ ተራቀቀ። አንድም የወደቀው ጭራቁ ራሱ ነው። አንድም የጭራቁ እንቁላል ነው። አንድም የታግሩአቶ ሳተላይት ነው፤ ጭራቁ ከታች ተኝቶ ነበርና የሳተላይቱ መውደቅ ቀሰቀሰው። በዚህ በሦስተኛው ትርጓሜ ሰማይና ባሕር ታረቁ፤ ዕርቁም ሌላ አዲስ ጥያቄ ወለደ፤ ቀድሞውኑ ከታች ማን አስተኛው?

የፊልሙ ሠሪዎች ለማብረድ ያሉትም ሆነ ለመኮርኮር ያሉት ነገር እሳቱን አላጠፋውም። ጭራቁ ገና ሕፃን መሆኑን፣ የሚያደርገውን የሚያደርገው ፈርቶና እናቱን አጥቶ መሆኑን ተናገሩ። ለተራ ተመልካች ይህ የሚያሳዝን ዝርዝር ነው፤ ለዘር ቆጣሪ ግን በረከት ነው። ሕፃን ካለ እናት አለች፤ እናት ካለች አባት አለ፤ የአባት አባትም አይጠፋም። ለጋብቻ ሰባት ቤት የሚቆጥር ሽማግሌ እንኳ ከሰባተኛው ላይ ያቆማል፤ ሠርግ ይጠብቀዋልና። ይህኛው ቆጣሪ የሚጠብቀው ሠርግ ስለሌለ ማቆሚያ የለውም።

የማስረጃ ሕጉ ጥብቅ ነው። የፊልም ሠሪ ዝምታ ማረጋገጫ ነው፤ ክህደቱ ደግሞ ከዝምታው የበለጠ ማረጋገጫ ነው፤ እውነት ባይሆን ለምን ይክዳል? በ2018 ኤብራምስ «ኦቨርሎርድ» የተሰኘው ፊልም የክሎቨርፊልድ ቤተሰብ አለመሆኑን በአደባባይ መናገር ግድ ሆኖበታል፤ ፊልሙ የሚያወራው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከናዚዎች የጦር መስመር ጀርባ በጃንጥላ ስለወረዱ ወታደሮች ነው። በዚህ ሕግ ስሕተትና አጋጣሚ የሚባል ነገር የለም። ጠርሙስ ላይ የተለጠፈ ስም፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፖስተር፣ ባለሙያ ረስቶት የሄደ ዕቃ ሁሉ ምስክር ነው። እዚህ ላይ ለሊቃውንቱ ፍትሕ መንፈግ አይገባም፤ አንድ ጊዜ ቀንቷቸዋል። ከፊልሙ መጨረሻ የስም ዝርዝሩ ካለቀ በኋላ የሚሰማ የሬዲዮ ድምፅ ወደ ኋላ ሲያጫውቱት «አሁንም በሕይወት አለ» የሚል ሆኖ ተገኝቷል። ጉዳቱም የመጣው ከዚሁ ነው፤ አንድ ድምፅ ወደ ኋላ ተጫውቶ ፍሬ ስላፈራ በዓለም ያለው ድምፅ ሁሉ ወደ ኋላ መጫወት ጀመረ።

ስምንት ዓመት የተጠበቀው መልስ በ2016 «10 ክሎቨርፊልድ ሌን» በሚል ስም መጣ። ማስታወቂያው የታየው ፊልሙ ሊወጣ ሁለት ወር ሳይሞላ ነበር፤ ለዘር ቆጠራው የተሰጠው ጊዜ አሳዛኝ በሆነ መልኩ አጭር ነው። ዳን ትራክተንበርግ ዳይሬክት ባደረገው በዚህ ፊልም አንዲት ሴትና ሁለት ወንዶች ከመሬት በታች ባለ መጠለያ ተዘግተው ይኖራሉ። የነጻነት ሐውልትን ራስ የቆረጠው አውሬ የለም። ሊኖርም አይችልም ነበር፤ ድርሰቱ ሲጻፍ ከክሎቨርፊልድ ጋር ዝምድና ያልነበረው፣ «ዘ ሴላር» የሚባል ራሱን የቻለ ሥራ ነበር፤ የቤተሰቡ ስም የተሰጠው በኋላ የኤብራምስ ኩባንያ እጅ ከገባ ወዲህ ነው። ኤብራምስ ፊልሙን የመጀመሪያው «የሥጋ ዘመድ» ብሎ ጠራው፤ ጉባኤውም ሳያመነታ ተቀበለ። የመጠለያው ባለቤት ቀድሞ የሠራው ለታግሩአቶ ቅርንጫፍ እንደሆነ በማስተዋወቂያው ዘመቻ ስለተገለጠ የደም ትስስሩ ተረጋገጠ። ፊልሙ በራሱ ጥሩ ነው፤ ጆን ጉድማን ያለ አንዳች ጭራቅ ሰው ያስፈራል። ይህ ግን ለዘርፉ ፋይዳ የለውም።

በፌብሩዋሪ 4 ቀን 2018 ኔትፍሊክስ «ዘ ክሎቨርፊልድ ፓራዶክስ»ን የሱፐር ቦውል ጨዋታ እንዳለቀ ለተመልካች ለቀቀው። ይህም በናይጄሪያ ተወላጁ ጁሊየስ ኦና ዳይሬክት የተደረገ፣ መጀመሪያ «ጎድ ፓርቲክል» የሚባል የሌላ ቤት ልጅ ነበር። በሕዋ ጣቢያ ያሉ ሳይንቲስቶች ለምድር ኃይል ለማግኘት የቅንጣት ማፋጠኛ ያስነሣሉ፤ ዓለማት ይደበላለቃሉ። አንድ ሰው በቴሌቪዥን ቀርቦ ሙከራው ጭራቆችን ሊለቅ እንደሚችል ያስጠነቅቃል፤ አሁን ብቻ ሳይሆን ባለፈውም በሚመጣውም ዘመን። እንግዲህ መልሱ ተገኘ። ለዐሥር ዓመት «ከየት?» ተብሎ የተጠየቀው «ከየትም» የሚል ምላሽ አገኘ፤ «መቼ?» የተባለውም «መቼም» ሆነ። ሐያሲያን ፊልሙን አብጠለጠሉት። ሊቃውንቱ ግን በመጨረሻዋ ትዕይንት ተጽናኑ፤ ደመና ሰንጥቆ ብቅ ያለው ራስ ከ2008ቱ አውሬ እጅግ የገዘፈ ነበርና እነሆ እናቲቱ ተባለ።

መልስ ሲሰጥ ምን እንደሚሆን የ«ኤሊየን» ፊልሞች ቀድመው አሳይተዋል። በ1979 ሪድሊ ስኮት በሠራው የመጀመሪያው ፊልም የሕዋ መርከብ ሠራተኞች ከወንበሩ ጋር የተጣበቀ፣ ደረቱ ከውስጥ ወደ ውጭ የፈነዳ ግዙፍ ሬሳ ያገኛሉ። ማን እንደሆነ አያውቁም፤ አይተውት ያልፋሉ። ተመልካቹን ያን ያህል ያስጨነቀው አለማወቁ ነበር። ጥያቄው ሳይቋረጥ ሲቀርብ ኖሮ ያው ዳይሬክተር በ2012 «ፕሮሚቲየስ»ን ሠራ፤ ግዙፉ አካል ልብስ ነበር፣ በውስጡም ነጭ መላጣ ሰው ነበር። በ2017 «ኤሊየን፦ ኮቨናንት» ሲመጣ ደግሞ ከሕዋ ጨለማ የወጣው አውሬ ዴቪድ የሚባል ሮቦት በብቸኝነት ተቀምጦ ያዳቀለው የእጅ ሥራ ሆኖ ተገኘ። ሠላሳ ስምንት ዓመት የተጠበቀ መልስ ነው። «ምስጢሩን ገደላችሁት» ብለው የጮኹት አጥብቀው የጠየቁት ናቸው።

ኤብራምስ ይህን ጠባይ ከማንም ቀድሞ ያወቀ ይመስላል። «ክሎቨርፊልድ» ከመውጣቱ በፊት፣ በ2007 በሰጠው አንድ የታወቀ ንግግር፣ ከኒውዮርክ የአስማት ዕቃ መደብር በ15 ዶላር ስለተገዛ የታሸገ ሣጥን ተናግሯል፤ ገዝቶት ለዐሥርተ ዓመታት አልከፈተውም፤ ሣጥኑ የሚወደደው ባለመከፈቱ ነው። በዓለም ፊት ቆሞ «አልከፍተውም» ያለን ሰው ሣጥኑ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ከሽፋኑ ጭረት ለማወቅ መታገል የዚህ ዘርፍ ልዩ ትጋት ነው። ድካሙ ያለ ፍሬ አይቀርም፤ 25 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የፈጀው የ2008ቱ ፊልም ከ170 ሚሊዮን በላይ አስገብቷል፤ ነጻ ማስታወቂያ ከሚሠራ ሊቅ የተሻለ ሠራተኛ ደግሞ ለስቱዲዮ የለም። ለአዲሱ ክፍል በ2021 ጆ ባርተን እንዲጽፍ፣ በ2022 ባባክ አንቫሪ ዳይሬክት እንዲያደርግ መመረጣቸው ተነግሯል። የጭራቁ የዘር መዝገብ ከድርሰቱ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸዋል።

ጭራቁ እውነተኛ የዘር ሐረግ የለውም ማለት አይደለም። ኤብራምስ «ሚሽን ኢምፖሲብል 3»ን ለማስተዋወቅ በ2006 ጃፓን በሄደ ጊዜ ከልጁ ጋር አሻንጉሊት መደብሮች ገብቶ ጎድዚላዎቹን ሲያይ አሜሪካም የራሷ ጭራቅ ያስፈልጋታል ብሎ እንዳሰበ ራሱ ተናግሯል። እንግዲህ አያትየው ጎድዚላ ነው። የእርሱም ልደት ይታወቃል፤ ማርች 1 ቀን 1954 አሜሪካ በቢኪኒ ያፈነዳችው የሃይድሮጂን ቦምብ አመድ 23 ሠራተኞች በነበሩበት የጃፓን የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ላይ ዘነበ፤ የሬዲዮ ሠራተኛው በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ሞተ፤ የኢሺሮ ሆንዳ ፊልም በኖቬምበር ወጣ። የልጅ ልጁ ፊልም ውስጥ ደግሞ ሕንጻ ሲደረመስ በማንሃተን ጎዳና የሚንከባለለው የአቧራ ደመና፣ ሰው በየሱቁ ገብቶ የሚጠለልበት፣ ነጭ ሆኖ የሚወጣበት ትዕይንት የሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 የዜና ምስል ነው። ፊልሙን በ2008 ያዩት የኒውዮርክ ሰዎች ያ አቧራ ከየት እንደመጣ ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋቸውም። እነዚህ ምንጮች ቀን፣ ቦታና የሟች ስም አላቸው፤ ማንም ሰው ሄዶ ሊያረጋግጣቸው ይችላል። በጭራቅ ዘር ቆጠራ ዘርፍ ተቀባይነት ያላገኙትም በዚሁ ምክንያት ነው።