አንበሳው ማትስ ይችላል

በ1997 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል ስንገባ ከሰሌዳው ጎን አንድ ጥቁር ነገር ተሰቅሎ ጠበቀን። ፕላዝማ ነው። ያኔ እኛ ቤት የነበረው ቴሌቪዥን ጎኑን በጥፊ ካላሉት ሥዕል አያወጣም ነበርና፣ ይህን ሳንቃ የመሰለ ቀጭን ነገር ስናይ መጀመሪያ ያሰብነው ኳስ ነው። ኳስ ግን አልመጣም። የመጣችው ደቡብ አፍሪካ ተቀርጻ በሳተላይት የተላከችልን የሒሳብ አስተማሪ ናት።

ክፉ ሴት አልነበረችም። ብቻ አትጠብቅም። ርዕሱን ጽፈን በእስክርቢቶ እስክናሰምርበት እሷ ሦስተኛው ምሳሌ ላይ ናት። ቲቸር መግቢያው ላይ ጥቂት ደቂቃ፣ ማብቂያው ላይ ጥቂት ደቂቃ ይሰጣቸዋል፤ መሃሉ የእሷ ነው። በጠመኔ ያረጁት ሰውዬ በሩ አጠገብ እንደ ሚዜ ቆመው ያዩዋታል። መብራት ሲጠፋ ክፍሉ ይጨልማል፣ የቲቸር ፊት ግን ይበራል።

ከሁሉ የሚገርመኝ አመሰጋገኗ ነበር። ጥያቄ ትጠይቅና ፈገግ ብላ ዝም ትላለች። እኛም ዝም ብለን እናያታለን። ከዚያ፣ "ቬሪ ጉድ!"

አንድ ቀን ጠዋት፣ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ፣ ኤክስ ስንት እንደሆነ ጠየቀችን። ፈገግ አለች። ክፍሉ ጭጭ። በዚህ መሃል ከስድስት ኪሎው አንበሳ ግቢ አንዱ አንበሳ አገሳ። ስድስት ኪሎ ያደገ ልጅ በአንበሳ ድምፅ አይደነግጥም፤ ለእኛ እንደ ሰፈር ውሻ ነው። አንበሳው ግሳቱን እንደጨረሰ ሴትየዋ ከስክሪኑ ውስጥ በሙሉ ልቧ "ቬሪ ጉድ! ዛት ኢዝ ኮሬክት!" አለች።

ከኋላ ወንበር አንዱ፣ "ቲቸር፣ አንበሳው ማትስ ይችላል!"

ቲቸር ከበሩ ሳይንቀሳቀሱ፣ "ቢያንስ እሱ ሞክሯል" አሉ።

ኋላ እዚያው ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። ግቢው ውስጥ፣ የድሮው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ደጃፍ ላይ፣ ጣሊያን የሠራው ደረጃ አለ። ለፋሺስት ዘመን ለያንዳንዱ ዓመት አንድ እያለ ደረጃ ደርድሯል፤ ወጥተው ወጥተው የሚደርሱበት ነገር የለም። ጣሊያን ከተባረረ በኋላ ጫፉ ላይ አንበሳ ተቀመጠበት። ባየሁት ቁጥር የዘጠነኛ ክፍል ሒሳቤ ትዝ ይለኛል። ደረጃው የእኔ፣ አናቱ ላይ ያለው መልሱን ያገኘው።

እውነቱን ለመናገር፣ ያን ዓመት ሒሳብ የተማርኩት ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጪ፣ እርጥብ ከሚሸጡት ማዘር ነው። ዳቦውን ለሁለት ይሰነጥቃሉ፣ ድንቹን በማንኪያ ጀርባ ደፍጠጥ አድርገው ይሞሉታል፣ ቃሪያ ጣል፣ ከዚያ በዘይት የተበጠበጠውን በርበሬ ከላይ ያፈሱበታል። የዩኒፎርሜ እጅጌ እስከ ሰኔ ድረስ ከዚያ በርበሬ አልጠራም። ገንዘብ ሲጎድልብኝ ማዘር ቀና ብለው ያዩኝና፣ "ሰኞ ግማሽ፣ ረቡዕ ሙሉ፣ ዛሬ ደግሞ ሩብ ጎደለህ። ስንት መጣ?" ይላሉ። ከዚያ ዝም። ይጠብቃሉ። ሌላ አምስት ልጅ እስኪያስተናግዱ ይጠብቃሉ። ክፍልፋይ መደመር የገባኝ እዚያ ቆሜ፣ ምራቄን እየዋጥኩ ነው። ስሳሳት "ቬሪ ጉድ" አይሉም፤ "ሂድ አንተ ደደብ፣ እንደገና ቁጠር" ነው የሚሉኝ።

ባለፈው ሳምንት የእህቴን ልጅ ይዤ በዚያው አለፍኩ። እሷ የምታጠናው በስልኳ ነው፤ አስተማሪው ካልገባት በጣቷ ነካ አድርጋ ታቆመዋለች። እኔ በሷ ዕድሜ ጣቴን ባነሳ የሚቆምልኝ ታክሲ እንኳ አልነበረም። ማዘር ቦታውን ለልጃቸው ለቀውላታል፤ እሳቸው ግን ከኋላዋ ዱካ ላይ ተቀምጠው ነጭ ሽንኩርት ይልጣሉ። ሁለት እርጥብ አዘዝንና በስልኬ ልክፈል አልኩ። ስክሪኑ ላይ አንዲት ክብ ነገር መሽከርከር ጀመረች፤ ከሥሯ "እባክዎ ይጠብቁ" ይላል።

ስክሪን ጠብቅ ሲለኝ በዕድሜዬ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ቆሜ ጠበቅኩ። ዳቦው በእጄ ላይ መራስ ጀመረ።

ማዘር ከሽንኩርታቸው ቀና አሉ። "አንተ ልጅ፣ ብላ። ሰኞ ታመጣለህ።"